ወረቀት የሌለው ሰው በመድኃኒት ሙከራ ውስጥ፤ ስለ ምዕራብ ሐረርጌ መንገደኞች የቀረበ ማብራሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚወስደው አውራ ጎዳና የጨርጨርን ደጋ ወጥቶ ጭሮንና ሂርናን አቋርጦ ያልፋል። ጭሮ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከደጋው በታች ባለው ቆላ ደግሞ ሚኤሶ የባቡር ጣቢያ አለች። ይህ አገር በቡናውና በጫቱ የታወቀ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በሌላም ነገር ስሙ ይነሣል፤ ይኸውም ወጣቶቹ ያለ ፓስፖርት በጅቡቲ በኩል ወጥተው፣ ከኦቦክ በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው፣ በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ መሄዳቸው ነው። የምሥራቁ አገር ሰው ይህን ጉዞ «ታህሪብ» ይለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስደቱን ምክንያት መመርመር አይደለም። የምንጠይቀው ከዚህ የጠበበ ነገር ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ቢገባና «አዲስ መድኃኒት እየተመረመረ ነው፤ ከጥናቱ ትገባለህ ወይ?» ቢባል፣ መግባት ይችላልን? ቢገባስ ምን ይጠቅመዋል፤ ምንስ ያሰጋዋል? ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. የመድኃኒት ሙከራ ማለት ምን እንደ ሆነ

በሐኪም ቤት በሽተኛው ሲታከም ሐኪሙ የሚያስበው ስለዚያ አንድ ሰው ነው። በሙከራ ጊዜ ግን ሐኪሙ ሁለት ነገር ያስባል፤ አንደኛው የበሽተኛው ጤና ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደፊት ለብዙ ሰው የሚጠቅመው እውቀት ነው። ስለዚህም በብዙ ሙከራዎች ማን አዲሱን፣ ማን የቆየውን መድኃኒት እንደሚወስድ የሚወሰነው በዕጣ እንጂ በሐኪሙ ምርጫ አይደለም። ብዙ በሽተኞች የማይረዱት ይህን ነው፤ «ሐኪሙ ለእኔ የሚሻለውን መረጠልኝ» ብለው ያምናሉ።

በኢትዮጵያ ይህን የመሰለ ሙከራ ብዙ ጊዜ ተደርጓል። በጎንደርና በአርባ ምንጭ ሐኪም ቤቶች የካላዛር መድኃኒቶች ተፈትነው፣ 30 ቀን ይፈጅ የነበረው የመርፌ ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን በማጣመር ወደ 17 ቀን አጥሯል። በአዲስ አበባም መድኃኒት የተላመደውን የሳንባ ነቀርሳ ለማከም ከ20 ወር በላይ የሚፈጀውን ሕክምና ከ9 እስከ 11 ወር ከሚፈጀው ጋር ያነጻጸረ ሙከራ ተደርጓል፤ ይህም ሙከራ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም ጭምር የተካሄደ ሲሆን ውጤቱ በ2019 ታትሟል። እነዚህ ጥናቶች የበሽተኛውን ሥቃይ አሳጥረዋል። ሙከራ ሁሉ ክፉ ነው ማለት ስለዚህ ስሕተት ነው።

፪. ወረቀት የሌለው ማን ነው

ለነገራችን ሦስት ዓይነት ሰዎችን መለየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ከአገሩ ወጥቶ በጅቡቲ፣ በየመን ወይም በሳዑዲ ያለ ፈቃድ የሚኖረው ነው፤ በሳዑዲ ኢቃማ የሌለው የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው ከጎረቤት አገር ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በስደተኛነት ያልተመዘገበው ነው። ሦስተኛው በዜግነቱ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ማስረጃ የሌለው ነው፤ ከሳዑዲ ተይዞ ባዶ እጁን የተመለሰ፣ ወይም በ2017 ከሶማሌ ክልል ተፈናቅሎ ወደ ሐረርጌ ሲመጣ የቀበሌ መታወቂያው ከቤቱ ጋር የቀረበት ሰው ከዚህ ይቈጠራል። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከሳዑዲ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160,000 በላይ እንደ ነበሩ ስናስብ፣ ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ሦስቱም በሕግ ፊት ያላቸው ቦታ የተለያየ ነው፤ የሚፈሩት ነገር ግን አንድ ነው፤ ስማቸውን የጻፈው እጅ ለማን ያሳልፈው ይሆን?

፫. ሕጉ የሚለው

ኢትዮጵያ በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በ7ኛው አንቀጽ ማንም ሰው ያለ ነፃ ፈቃዱ ለሕክምና ወይም ለሳይንስ ሙከራ እንዳይዳረግ ይከለክላል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ «ማንም ሰው» እንጂ ስለ ዜጋ አለመሆኑን እናስተውል። ፈቃድ የሚሰጠው ሰውየው ሰው በመሆኑ እንጂ ፓስፖርት ስላለው አይደለም። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ሰው እሺ ለማለትም ሆነ እምቢ ለማለት እንደ ማንኛውም ሰው ሙሉ ሥልጣን አለው።

በ1947 በኑረምበርግ የተጻፈው ደንብም፣ ከ1964 ጀምሮ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ያወጣው መግለጫም መሠረታቸው ይኸው ነው። የሄልሲንኪው መግለጫ በ2024 ሲሻሻል አንድ ቁም ነገር ጨምሯል፤ ለጉዳት የተጋለጡ ሰዎችን ያለ ጥበቃ ማስገባት እንደሚጎዳቸው ሁሉ፣ ከጥናት ፈጽሞ ማስወጣትም የጤናቸውን ጉድለት ሊያብስ እንደሚችል ያስገነዝባል። በመንገድ ላይ ያለው ሰው ያልገባበት ጥናት መድኃኒቱ በመንገደኛ ሰውነት ላይ እንዴት እንደሚሠራ አያሳየንም።

በአገራችን የመድኃኒት ሙከራ ሊጀመር የሚችለው የሥነ ምግባር ኮሚቴ መርምሮት፣ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ፈቅዶት ነው። የስደተኞች ዐዋጅ ቍጥር 1110/2019 ደግሞ ለታወቁ ስደተኞችና ለጥገኝነት ጠያቂዎች የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት ይሰጣል።

፬. ችግሩ የሚገኝበት ስፍራ

እንግዲህ በሩ በሕግ አልተዘጋም። ችግሩ የሚገኘው በሌላ ስፍራ ነው።

አንደኛው አድራሻ ነው። ከላይ የጠቀስነው የሳንባ ነቀርሳ ሙከራ በሽተኞቹን ለ132 ሳምንት፣ ማለት ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይከታተል ነበር። በሚኤሶ ሦስት ሌሊት አድሮ የሚያልፍ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ከየት ይገኛል? የካላዛር ተመራማሪዎችም የገጠማቸው ይህ ነው፤ በሽታው የሚይዛቸው ብዙዎቹ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርዱ ደገኞች ናቸው፤ ከሕክምናው በኋላ ግን ለስድስት ወር መታየት አለባቸው። ደላላ የሚጠብቀው ወጣት «እመለሳለሁ» ቢል፣ የመመለሱ ነገር በእርሱ እጅ አይደለም።

ሁለተኛው ምስጢር ነው። በደንቡ መሠረት የበሽተኛው መረጃ በስም ሳይሆን በቍጥር ይያዛል፤ ስሙን ከቍጥሩ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ይቈለፋል። ሆኖም ሥራውን የሚቈጣጠሩ ሰዎች መዝገቡን ሊያዩ ይችላሉ፤ ይህም ለበሽተኛው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ብዙ ሰው ከፍርሃት የተነሣ ሐሰተኛ ስም መስጠት ይመርጣል። ይህ ግን የሚጎዳው ራሱን ነው፤ መድኃኒቱ ጉዳት ማድረሱ በኋላ ቢታወቅ ፈልጎ የሚያስጠነቅቀው አይኖርም። ከሐሰት ስም ይልቅ «የመኖሪያ ፈቃዴን ጉዳይ አትጠይቁኝ፤ አትጻፉትም» ብሎ በግልጽ መናገር ይሻላል። ተመራማሪውም ለጥናቱ የማያስፈልገውን ነገር መጻፍ የለበትም፤ ያልተጻፈ ነገር ተላልፎ ሊሰጥ አይችልምና።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ነፃ ፈቃድ ነው። ለደላላ ዕዳ ያለበት ሰው ለመጓጓዣ ተብሎ የሚሰጠው ጥቂት ብር ጥቂት አይመስለውም። ነጭ ካባ የለበሰ ሰው የመንግሥት ሰው ይመስለዋል፤ እምቢ ቢል የሚያስይዙት ይመስለዋል። በዚህ ሁኔታ የተገኘ ፊርማ በወረቀት ላይ ያለ ቀለም ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። በምዕራብ ሐረርጌ ማብራሪያው በኦሮምኛ፣ እንደ ሰውየውም በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ ሊነገር ይገባል። ማንበብ የማይችል ሰው አውራ ጣቱን ሲያትም ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ምስክር አብሮ ይቀመጣል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ እንደሚሰጥም ሊነገረው ያስፈልጋል፤ መድኃኒት ለማግኘት ሲል ብቻ ወደ ሙከራ የሚገባ ሰው መኖር የለበትምና።

፭. ባሕር ማዶ ያሉት

በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሁኔታ ይህን የበለጠ ያብራራል። በዚያ አገር ከሙከራ ለመግባት ዜግነትን በጠቅላላው ግዴታ የሚያደርግ የመንግሥት ሕግ የለም። በ2016 በወጣ ሕግ መሠረትም በመንግሥት ገንዘብ የሚደረጉ የጤና ጥናቶች የተሳታፊውን ማንነት ለፍርድ ቤት እንኳ እንዳይገልጡ የሚጠብቅ ማረጋገጫ ያገኛሉ። ነገር ግን አዲሱ መድኃኒት በነፃ ቢሰጥም፣ የተለመደው ምርመራና የአልጋ ወጪ በብዙ ቦታ የሚከፈለው በበሽተኛው መድን ነው፤ ወረቀት የሌለው ደግሞ ከድንገተኛ ሕክምና በቀር በፌዴራሉ የድኆች መድን አይታቀፍም። ለተሳታፊዎች የሚከፈለው ገንዘብም ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የግብር ቍጥር ይጠየቅበታል። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ደረጃው ከፍ ያለ ነው ማለት ነው።

፮. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው እንደምንረዳው፣ ወረቀት አለመኖር ሰውን ከሙከራ የሚያስወጣ ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ በቀላሉ የሚገኝ በሽተኛ የሚያደርገው ምክንያትም ሊሆን አይገባም። ከእኛ መካከል ነገ ሐኪም፣ ነርስ፣ የሕግ ዐዋቂ ወይም አስተርጓሚ የሚሆኑ አሉ። ከጭሮ፣ ከገለምሶ ወይም ከበዴሳ የመጣ መንገደኛ ምክር ቢጠይቀን የሚከተሉትን ጥያቄዎች እንዲጠይቅ እንንገረው፦

1ኛ. ከጥናቱ ባልገባ የትኛውን ሕክምና አገኛለሁ?
2ኛ. በመካከሉ ብተው ሕክምናዬ ይቋረጣልን?
3ኛ. ስሜን የሚያየው ማን ነው? የመኖሪያ ፈቃዴ ጉዳይ ይጻፋልን?
4ኛ. መድኃኒቱ ቢጎዳኝ የሚያሳክመኝ ማን ነው? እስከ መቼስ?
5ኛ. ወደ ሌላ አገር ብሄድ ወይም ብባረር፣ የጀመርኩት መድኃኒት የት ይገኛል?

ለእነዚህ በሚገባው ቋንቋ በቂ መልስ ያገኘ ሰው ቢገባም ባይገባም ውሳኔው የራሱ ነው። መልስ ያላገኘ ግን ፓስፖርት ቢኖረውም ባይኖረውም መፈረም የለበትም።