ተጨማሪ መረጃ፦ ዕቅዳችሁ እንደከሸፈ አስቡ

ቡድናችሁ በአንድ ዕቅድ ላይ ሲወያይ አንዳንዱ አባል ስጋት እያለው ዝም የሚለው ለምን ይመስላችኋል? ብዙ ጊዜ ተቃዋሚ ወይም ጨለምተኛ ላለመባል ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋሪ ክላይን ለዚህ ችግር ቀላል መላ አበጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው መጽሔት ላይም ጽፎበታል። መላው ቅድመ ውድቀት ምርመራ ሊባል ይችላል፤ ሥራው ሳይጀመር «ከሽፏል» ብሎ በመነሣት ምክንያቱን የመፈለግ ዘዴ ነው።

የአካባቢ ጥበቃ ክበባችሁ በክረምት ችግኝ ሊተክል ወስኗል እንበል። ሰብሳቢዋ «አሁን መጋቢት ነው፤ ችግኞቹ በሙሉ ደርቀዋል። ለምን?» ትላለች። ሁሉም ለጥቂት ደቂቃዎች ሳይነጋገር ምክንያቱን በየግሉ ይጽፋል። ይህን ዝምታ አትዝለሉት፤ የዘዴው ዋና ጉልበት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የተናገረው ሰው ሐሳብ ሌላውን ሳይጎትት፣ ዓይናፋሩም የታየውን ያሰፍራል። ቀጥሎ በየተራ አንድ አንድ ምክንያት ይነበባል፦ በበጋ ውኃ የሚያጠጣ ተረኛ አልነበረም፤ በአጥሩ ክፍተት ፍየል ገባ፤ ጉድጓዱ ጠባብ ነበር። ጥያቄው «ይከሽፋል ወይ?» ሳይሆን «ለምን ከሸፈ?» ስለሆነ ስጋትን መናገር እንደ ተቃውሞ አይቆጠርም። ከዚያ ዕቅዱ ይታረማል።

ዘዴው ከብዙ አማራጮች አንዱን ለመምረጥ ብዙም አይረዳም፤ የሚጠቅመው የተመረጠውን ለማጠንከር ነው።

በሚቀጥለው የቡድን ሥራችሁ ሞክሩት። ቀድሞ ማንም ያላነሣው ስንት ስጋት እንደወጣ ቁጠሩና ለክፍል ጓደኞቻችሁ አቅርቡ።