«ደሴት» እና «የየብስ ድልድይ» በእንስሳት ሥርጭት ጽሑፎች አተረጓጐም

በአማርኛ «ደሴት» ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ የብስ ነው። የጣናው ዳጋም፣ ጃቫም፣ የጋላፓጎስ ደሴቶችም በዚሁ አንድ ስም ይጠራሉ። ለዕለት ተዕለት አነጋገር ይህ በቂ ነው። የየብስ እንስሳት ወደ ደሴቶች እንዴት እንደ ደረሱ ለሚያስረዳ ጽሑፍ ግን አይበቃም፤ ዋናው ጥያቄ ቦታው ደሴት መሆኑ ሳይሆን እንዴት ደሴት እንደ ሆነ ነውና።

እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1880 ስለ ደሴቶች ሕይወት ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ወገኖችን ለይቶ አስረድቷል። አንደኛው ቀድሞ የአህጉር አካል ሆኖ ኋላ የተለየ ነው፤ ይህን «ግንጥል ደሴት» ብንለው እንመርጣለን። «ተገንጣይ» ግን ፖለቲካዊ ስሜት ከማዘሉም በላይ ደሴቱ በራሱ ፈቃድ የተለየ ያስመስላል። ሁለተኛው ከባሕር ወለል በእሳተ ገሞራ ተነሥቶ ከአህጉር ጋር ከቶ ያልተገናኘ ነው። «ውቅያኖሳዊ» ቢባል ስፍራውን እንጂ አመጣጡን አይናገርም፤ ስለዚህ በ«አገር በቀል» አምሳል «ባሕር በቀል ደሴት» እንላለን። ባሕር በቀል በሆኑት በጋላፓጎስ ደሴቶች ግዙፍ ኤሊዎች ሲኖሩ፣ በተፈጥሮ የደረሰ እንቁራሪት ግን አልነበረም፤ ጨዋማ ውሃ የእንቁራሪትን ስስ ቆዳ ይጐዳልና።

ይበልጥ የሚያሳስበን «የየብስ ድልድይ» የሚለው ነው። ከ20,000 ዓመታት ገደማ በፊት በበረዶው ዘመን የባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ባለ ጊዜ ሱማትራ፣ ቦርንዮ፣ ጃቫና ባሊ ከእስያ ጋር አንድ የብስ ነበሩ። ይህ ሰፊ ምድር እንስሳት የኖሩበትና የተዋለዱበት አገር እንጂ ለመሻገሪያ ብቻ የሚያገለግል አልነበረም። «ድልድይ» ያለ ተርጓሚ አንባቢውን፣ ደሴቶቹ ቀድመው እንደ ነበሩና እንስሳቱ በጠባብ መንገድ እንደ ተሻገሩ ያሳምነዋል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ እንስሳቱ በስፍራቸው እንዳሉ ውሃው መጣባቸው። «አገናኝ የብስ» ቢባል ከዚህ ስሕተት ያድናል።

ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1856 ከባሊ ወደ ሎምቦክ ሲሻገር ልዩነቱን በዓይኑ አይቷል። በመካከላቸው ያለው ሰርጥ ስፋቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ባይበልጥም እጅግ ጥልቅ በመሆኑ ባሕሩ ሲጎድልም አልደረቀም። ታይገር ባሊ ደርሶ ሎምቦክ ያልታየው ስለዚህ ነው። (ታይገርን «ነብር» ብሎ መተርጐም አይገባም፤ በጃቫ ሁለቱም ይታወቁ ነበር፣ ወደ ባሊ የዘለቀው ግን ታይገር ብቻ ነው።)

ማዳጋስካር አከፋፈላችንን ትፈትናለች። ከአፍሪካ ከተለየች ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ስለ ሆናት በትውልዷ ግንጥል ናት፤ የሌሙሮች ቅድመ አያቶች ግን ከዚያ በኋላ ባሕር ተሻግረው ደረሱ ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ስሙ የደሴቱን አመጣጥ እንጂ የእያንዳንዱን እንስሳ አመጣጥ አይገልጽም።

እንስሳቱ የተሳፈሩበትን ተርጓሚ «ታንኳ» ቢለው ቀዛፊ ሰው ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሪቢያን ከከባድ ዐውሎ ነፋስ በኋላ ቢያንስ 15 ኢጓናዎች ተነቅለው በተጠላለፉ ዛፎች ላይ ተንሳፍፈው አንጉዊላ ደርሰዋል። እንዲህ ላለው «ተንሳፋፊ ግንድ» ማለት ይበቃል።