ዝም ያለ ኮምፒውተር ሁሉ አልተቃጠለም

የጎረቤቴ ልጅ በታክሲ ሥራ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። አምና ክረምት ላይ መኪናው አልነሳ አለው። ጋራዥ አስጎትቶ ወሰደው፤ ኮድ ማንበቢያ ማሽን ተሰካ፣ ዩ0100 የሚል ኮድ ወጣ፣ ፍርዱም እዚያው ተሰጠ፦ «የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሏል።» ልጁ የዕቁቡን ብር ይዞ ሶማሌ ተራ ወረደ፣ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ አስገጠመ። መኪናው አልተነሳም፤ ኮዱም አልጠፋም። በኋላ ሌላ ባለሙያ ችግሩን ከባትሪው ሥር አገኘው። የኮምፒውተሩ ግራውንድ ሽቦ ከቦዲው ጋር የታሰረበት ብሎን በዝገት ተበልቶ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ አጥብቆ አሰረው፣ የድሮውን ኮምፒውተር መለሰ፣ መኪናው ተነሳ። የዕቁቡ ብር ግን አልተመለሰም።

«ኮዱ ስሙን የጠራው ሞጁል ሞቷል» የሚለው እምነት ብዙ ሰው አክስሯል። ሞጁል የሚባለው በመኪናው ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች እያንዳንዱ ነው። ዩ0100 የሌሎቹ ሞጁሎች አቤቱታ ነው፤ «የሞተሩ ኮምፒውተር ድምፅ ጠፋብን» ይላሉ እንጂ ለምን እንደጠፋ አያውቁም። ስልክ ደውለን አልገኝ ያለንን ሰው ሞቷል ብለን ድንኳን አንተክልለትም፤ ባትሪ ዘግቶበት ይሆናል፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሄዶ ይሆናል እንላለን። ለመኪናውም ይኸው ይገባዋል።

ሞጁል አይቃጠልም አልልም። ውሃ የገባበት፣ የባትሪ ገመድ ተገልብጦ የታሰረበት ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሣም። የሚያናድደኝ የመጨረሻው ድምዳሜ መሆን የሚገባው ነገር የመጀመሪያ ግምት መሆኑ ነው፤ ያውም በሰው ገንዘብ። ያገለገለ ኮምፒውተር ደግሞ በብዙ መኪኖች ላይ ከቁልፉ ጋር ካልተዋወቀ ሞተሩን አያስነሳም። ያኔ በአንድ ችግር ላይ ሁለተኛ ችግር ተጨመረ ማለት ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ማሽኑ ሲጠይቅ የትኛው ሞጁል እንደሚመልስ፣ የትኛው ዝም እንደሚል ነው። አንዱ ብቻ ዝም ካለ ፊውዙ፣ ኃይሉ፣ ግራውንዱና ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ይፈተሹ። ብዙዎቹ አንድ ላይ ዝም ካሉ የሚጋሩት ፊውዝ፣ ግራውንድ ወይም የሽቦ መገናኛ ይፈለግ። ኃይልና ግራውንድ ሲለካም ጭነት ያስፈልጋል። አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ በቴስተር 12 ቮልት ያሳያል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ይወድቃል። የሞጁሉን ሶኬት ነቅሎ በኃይሉና በግራውንዱ ሽቦ መካከል የፍሬቻ አምፖል ማብራት እውነቱን ቶሎ ያወጣዋል። አምፖሉ ከደበዘዘ ጥፋቱ ከሽቦው ነው። ይህን አምፖል በመገናኛ ሽቦዎቹ ላይ ግን ፈጽሞ እንዳትሞክሩት።

ከዚያ መስመሩ ራሱ ይለካል። ሞጁሎቹ የሚነጋገሩት ካን በሚባለው፣ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ባደረገው ሥርዓት ነው፤ ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች፣ በሁለቱ ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር። ባትሪው ተፈትቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ በማሽኑ መሰኪያ 6ኛና 14ኛ ቀዳዳ መካከል ሲለካ ወደ 60 ኦም መገኘት አለበት። 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ሲነካኩ ሞጁሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ልኬቱ የሚስተካከልበትን መፈለግ ነው። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች በመሰኪያውና በውስጡ መስመር መካከል ሌላ ሞጁል ስለሚቆም ከመሰኪያው ላይ የተገኘ ጥሩ ቁጥር ስለ ውስጡ ምንም ላይነግረን ይችላል። 60 ኦም መገኘቱም መንገዱ ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚላቀቅ ሶኬት የለም ማለት አይደለም።

«አሥር ኮድ ከወጣ አሥር ብልሽት አለ» ይባላል። የለም። አንድ የደከመ ባትሪ ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ሲወድቅ ግማሹን መኪና ዝም ያሰኛል፤ እያንዳንዱ ሞጁልም የየራሱን አቤቱታ ይመዘግባል። «ኮዱን ማጥፋት ጥገና ነው» የሚለውም ስህተት ነው። ኮዶቹ መጀመሪያ በወረቀት ይመዝገቡ፣ ከዚያ ይጥፉ፣ የሚመለሰው የትኛው እንደሆነ ይታይ። «ማሽኑ ካልተገናኘ ኮምፒውተሩ የለም» ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ መሰኪያውን ለሲጋራ ማቀጣጠያ የሚያገለግለው ፊውዝ ስለሚመግበው እሱን ቀድሞ ማየት ነው። በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ቴፕ ወይም ጂፒኤስ ካለም ሌላ ነገር ከመፍታት በፊት ይነቀል።

ባለሙያው ኮምፒውተር ግዙ ካላችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ግራውንዱን በምን ጭነት ለካኸው?»