ፍቅረኞቹ ለምን ይሞታሉ?

በሰቆጣም ሆነ በኒሯቅ፣ እንደ ሌላው የሰሜን አገር ሁሉ፣ ጋብቻ ሲታሰብ «የማን ልጅ ነው?» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ሽማግሌ ይላካል፣ ትውልድ ይቆጠራል። ብዙ የፍቅር ታሪክ የሚነሳው ከዚህች አጭር ጥያቄ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በዛብህ የድሃ ልጅ፣ የቅኔ ተማሪ ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ሊያስተምራት ቤታቸው ገባ፣ ተዋደዱ። በዘራቸው የሚኮሩት ፊታውራሪ ግን የሚመጥናት ጠፍቶ ጠያቂዎቿን ሲመልሱ ኖረዋል፤ ለድሃ ተማሪ እንዴት ይሰጧታል?

ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ እንቅፋቱ የአንድ ሰው ክፋት ብቻ አይደለም። ደንብ ነው። ደንቡን በግልጽ የሚጠይቀው ጉዱ ካሳ ደግሞ በአገሩ ሰው ዘንድ እንደ እብድ ይቆጠራል። (ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ሰው እሱ ነው።)

ታዲያ ለምን ይሞታሉ? ተጋብተው በሰላም ቢኖሩ፣ «ደንቡ ያን ያህልም አይከብድም» ብለን መጽሐፉን እንዘጋ ነበር። ሲሞቱ ግን ደንቡ ቆሞ ይቀራል፣ እኛም እንጣላዋለን። መጽሐፉ ከወጣ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ፈነዳ። ልብ ወለድ አብዮት አያመጣም፤ ሰው በልቡ ምን ሲጠይቅ እንደነበር ግን ያሳያል።

ሁሉም በሞት አያልቅም እኮ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» እንቅፋቱ ሃይማኖት ነው፤ ንጉሡ የጦብያን እምነት ይቀበልና ይጋባሉ። ጦብያ ወንድ መስላ ትጓዛለች፤ ሰብለ ወንጌልም በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ ማንነቷን በልብስ ደብቃ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን መንገድ የማትወጣበት ዘመን በሁለቱም መጽሐፍ ውስጥ አለ።

በህንድ ማኒፑር፣ እንደ መሰንቆ ባለ አንድ ክር በሆነው ፔና የሚዘፈን ታሪክ አለ። ወላጅ አልባው ኻምባና የመሳፍንት ልጅ ቶይቢ ብዙ ፈተና አልፈው ይጋባሉ። በዚህ አያበቃም። ታማኝነቷን ሊፈትን ሌሊት እንደ ባዕድ ሰው ሆኖ መጣባት፤ ሌላ መስሏት በጦር ወጋችው፣ ተከትላውም ሞተች። እዚያ ደንቡን አሸንፈው ነበር፤ የገደላቸው ጥርጣሬ ነው።