ከጤና አዳም ትል እስከ ቢራቢሮ
በኮልፌ ከልጆች ጋራ የተደረገ ክትትል

በኮልፌ ሰፈር ልጆች ዘንድ አባ ጨጓሬ የሚፈራ ፍጥረት ነው። ጠጕሩ የነካው ቆዳ ስለሚያሳክክና ስለሚያብጥ፣ ልጆች ያገኙትን ትል ሁሉ፣ ጠጕር ያለውንም የሌለውንም ሳይለዩ በድንጋይ ይጨፈልቁታል። እነዚሁ ልጆች ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሲፈነዳ ቢራቢሮ ለመያዝ ሲሯሯጡ ይውላሉ። ትናንት የጨፈለቁት ትል ዛሬ የሚያሯሩጣቸው ቢራቢሮ ሊሆን ይችል እንደ ነበረ የሚነግራቸው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትልን በቤት አሳድጎ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ለልጆች ማሳየት እንዴት እንደሚቻል መግለጽ ነው።

እኔም ብሆን ከልጆቹ የተሻልሁ አልነበርሁም። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የቢራቢሮን አራት የሕይወት ደረጃዎች፣ ማለትም እንቁላልን፣ እጭን፣ ፑፓንና ክንፍ ያለውን ቢራቢሮ በእንግሊዝኛ በቃሌ አጥንቼ በፈተና ላይ ያለ ስሕተት ጽፌአለሁ። ነገሩን በዐይኔ ያየሁት ግን ባለፈው ዓመት፣ በምኖርበት የኮልፌ ግቢ ከአራት ልጆች ጋራ ሆኜ ነው።

በግቢያችን የባለቤቲቱ የጤና አዳም ተክል አለ። ቅጠሉን ሲበላ ያገኘነው ትል፣ ሊቃውንት ፓፒሊዮ ዴሞዶኩስ የሚሉት፣ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች በብዛት የሚታየው ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ እጭ ነው። ይህ ቢራቢሮ እንቁላሉን በሎሚ፣ በብርቱካንና በዘመዶቻቸው ቅጠል ላይ ይጥላል፤ ጤና አዳምም ከሎሚ ጋራ የአንድ ቤተ ሰብ ተክል ነው። እንቁላሉ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሲሆን መጠኑ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። የተፈለፈለው ትል በመጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ይህም መልክ ከወፎች ዐይን ይሰውረዋል። ቆዳውን እየገፈፈ ያድግና በመጨረሻ አረንጓዴ ይሆናል። ሲነኩት ከራሱ ኋላ ሹካ የመሰለ ቀንድ አውጥቶ ክፉ ሽታ ይሰዳል። ጠጕር ስለሌለው ግን አያሳክክም።

ለማሳደግ የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። አንደኛ፣ አንዱን ጎኑን ቆርጠው አሮጌ አጎበር የለጠፉበት ካርቶን ይበቃል። ሁለተኛ፣ ትሉ የተገኘበትን ተክል ቅጠል በየቀኑ መስጠት ይገባል፤ ከሌላ ተክል ቢያቀርቡለት ሳይበላ በረኃብ ሊሞት ይችላል። የገበያ ቅጠል ግን የተባይ መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል አይታመንም። ሦስተኛ፣ ቅርንጫፉን ውሃ ባለበት ጠርሙስ ሲያቆሙ አፉን በጥጥ መድፈን ነው፤ አለዚያ ትሉ ገብቶ ይሰጥማል። አራተኛ፣ ኩሱን በየቀኑ መጥረግ፣ ካርቶኑንም ከፀሐይ ማራቅ ያሻል። ደግሞም የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቈስል ስለሚችል፣ ልጆች ቅጠል ከቈረጡ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

ትሉ በደንብ ከጠገበ በኋላ መብላቱን ትቶ ይቅበዘበዛል። ከዚያም ጅራቱን በእንጨት ላይ አጣብቆ፣ ወገቡን እንደ መቀነት በቀጭን የሐር ክር አስሮ፣ የመጨረሻ ቆዳውን ይጥልና ፑፓ ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት የሞተ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የትሉ አካል ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ይህ በቆላ ፈጥኖ፣ እንደ ኮልፌ ባለ ብርዳም ቦታ ዘግይቶ የሚፈጸም ሥራ ስለ ሆነ ልጆችን ትዕግሥት ያስተምራል።

ትዕግሥት ያነሰኝ ግን እኔ ነበርሁ። የመጀመሪያው ፑፓ ሲሰነጠቅ ቢራቢሮው ለመውጣት ሲታገል ዐይተን ልጆቹ «ጋሼ፣ ይርዱት እንጂ!» አሉኝ። እኔም ቅርፊቱን በመርፌ ከፈትሁለት። ቢራቢሮው ወጣ፤ ነገር ግን ክንፎቹ እንደ ተጨማደዱ ደርቀው ቀሩ፤ በማግስቱም ሞተ። ቢራቢሮ በራሱ ጊዜ ከወጣ በኋላ ተንጠልጥሎ ከሰውነቱ ፈሳሽ ወደ ክንፎቹ እየገፋ መዘርጋት አለበት። እኔ ጊዜው ሳይደርስ አወጣሁት። የስድስት ዓመቷ ልጅ «ጋሼ፣ እርስዎ ባይነኩት ይበር ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎን» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛው ሲሰነጠቅ ማንም እንዳይነካው የጠበቀችው እርሷ ናት። ጧት ወጣ፤ ክንፉን ዘርግቶ አደረቀ፤ ከቀትር በኋላም በአጥሩ ላይ አልፎ ሄደ።

በአውሮፓ ብዙ ሰዎች ትል ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር በራሱ ይፈጠራል ብለው ያምኑ በነበረበት ዘመን፣ በ1647 በአውሮፓ አቈጣጠር ፍራንክፈርት የተወለደችው ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማሳደግ ጀመረች። ያየችውንም ከሚበላው ተክል ጋራ እየሣለች ቈይታ፣ በ1705 ስለ ሱሪናም ነፍሳት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመች። የእርሷም ጅማሬ የአንዲት ልጅ ትዕግሥትና አንድ ትል ነበር።

በዚህ ትል ሁሉ ይማር ማለት አይደለም። መነሻው አሜሪካ የሆነው ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ የገበሬውን በቆሎ አጥፍቷል። አባ ጨጓሬም ቢሆን በእጅ የሚያዝ አይደለም። ልጅ ሊማር የሚገባው ከመጨፍለቁ በፊት መለየትን ነው።

የግቢው ባለቤት በመጀመሪያ «ለቡናዬ የተከልሁትን ለትል ትቀልባለህ?» ብለው ተቈጥተውኝ ነበር። ቢራቢሮው በበረረ ማግሥት ግን በአጥሩ ጥግ ያለችውን አንዲት ተክል ለልጆቹ አሳይተው «ይቺን ለትሎቹ ተዉላቸው፤ ሌላዋ ለቡናዬ ትበቃኛለች» አሏቸው። ልጆቹም አሁን ትል ሲያገኙ ድንጋይ ከማንሣታቸው በፊት ይጠሩኛል።