በመስታወት ውስጥ ያለን ቅርስ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

እንደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ባለ ቤተ መዘክር በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ መስቀል ፎቶግራፍ ሲነሣ የመስኮቱ ብርሃንና የአንሺው መልክ በላዩ ይደረባል። ይኸውም መስታወት ፊት ለፊት ከሚያርፍበት ብርሃን በሁለቱ ገጾቹ 8 በመቶ ያህሉን ስለሚመልስ ነው።

ስለዚህ ዋናው ዘዴ ከካሜራው በስተኋላ ያለውን ማጨለም ነው፤ ለሌንሱ ብቻ የተቀደደ ጥቁር ጨርቅ መጋረድ ይበቃል። ፖላራይዘር የተባለው ማጣሪያ እጅግ የሚረዳው ከመስታወቱ ቀጥ ብሎ ከሚወጣው መሥመር 56 ዲግሪ ያህል ዘወር ተብሎ ሲነሣ ነው። ነገር ግን በአግድም የተነሣ ሥዕል የዕቃውን መጠን ያዛባልና ለልኬት የሚፈለገው በጨርቁ ዘዴ ፊት ለፊት ይነሣ።

ጥንቃቄው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ነጸብራቅ ስንጥቁን ሊሸፍን፥ የሌለውንም ጌጥ ሊያስመስል ይችላል። ዕቃውን ሳያይ በፎቶግራፉ ብቻ የሚመረምር ሊቅም በዚያው ይሳሳታል።