ሌሊት የሚያስመልሰውን ሕፃን በቤት ስለ መርዳት

ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ሰው በቀን የሚገጥመውን ችግር በምክርና በገንዘብ ይመክተዋል፤ በሌሊት የሚመጣውን የሕፃን ሕመም ግን አስቀድሞ ካልተማረ በድንጋጤ ይቀበለዋል። የደነገጠ ሰውም ከጎረቤት የሰማውን ሁሉ፥ የሚጠቅመውንም የሚጎዳውንም ሳይለይ ያደርጋል። ስለዚህ ስለሚያስመልሰው ሕፃን ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን በአንድ ክረምት መግቢያ በቆጋ ወንዝ አጠገብ ባለ በአክስቴ ቤት እንግዳ ሆነን ሳለን፥ የሁለት ዓመት ልጃችን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ያስመልሰው ጀመር። ሦስት ጊዜ ባስመለሰው ጊዜ አክስቴ መብራት ይዘው መጡና «ልጄ፥ ይህ እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ሳይነጋ ቆራጩን አስጠራ» አሉኝ። እኔም ስለ አክብሮታቸው መልስ አጥቼ ቆምሁ። ባለቤቴ ግን እጅ ነሥታ «እሜቴ፥ ይፍቀዱልኝና እስኪነጋ ድረስ በማንኪያ ላጠጣው» አለቻቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ።

ያን ሌሊት የተደረገው ነገር ማንም ሊያደርገው የሚቻለው ነው። አስቀድሞ ሕፃኑ በጀርባው እንዳይተኛ ሆነ፤ ትውከቱ ወደ ሳንባው እንዳይገባ በጎኑ ይተኛል፥ ወይም ቀና ተደርጎ ይታቀፋል። ካስመለሰው በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ያርፋል። ከዚያም በየአንድ ወይም በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ መጠጥ ይሰጠዋል። የጠማው ልጅ ብርጭቆውን ይለምናል፤ ነገር ግን በብርጭቆ የጠጣው ተመልሶ ይወጣል፥ በማንኪያ የተሰጠው ግን በሆዱ ይቀራል። እንደ ገና ቢያስመልሰው ደግሞ 10 ደቂቃ ቆይቶ ከፊተኛው ቀስ ብሎ መጀመር ነው። ጡት የሚጠባም ጡት አይከልከል፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ቶሎ ቶሎ ይጥባ።

ከመጠጥ ሁሉ የሚበልጠው በጤና ኬላና በመድኃኒት ቤት የሚገኘው ሕይወት አድን ቅመም፥ ማለት ኦ.አር.ኤስ. ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፥ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ፥ አብዛኛውን ጊዜም በ1 ሊትር ይበጠበጣል። ውኃው ቢያንስ ጨዉ በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ ቢበዛም ኃይሉ ይደክማል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ቅመሙ ከታጣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። ለስላሳ መጠጥና ቡና ግን አይስጡ። ትውከቱ ጋብ ሲል ቀጠን ያለ አጥሚት፥ ሩዝ ወይም ልጁ የለመደው ምግብ በጥቂቱ ይሰጠው፤ ማስራብ አያድንም። ተቅማጥ ከተጨመረበት የጤና ባለሙያው ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ የዚንክ ኪኒን ይሰጣል።

ይህ ተራ የሚመስል መጠጥ ታላቅ ታሪክ አለው። ስኳር በአንጀት ውስጥ ጨውን ይዞ ይገባል፥ ውኃም ይከተላቸዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በሕንድ አገር ባንጋኦን በተባለው ስፍራ በስደተኞች ሰፈር ኮሌራ በገባ ጊዜ፥ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውኃ አስበጥብጠው ለሕመምተኞቹ አጠጡ። ከ100 ሕመምተኛ 30 ያህል ይሞት የነበረው ወደ 4 ገደማ ወረደ። ብዙውን ሕፃን የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ሮታ የተባለው ተሕዋስም በ1973 በአውስትራልያ ታወቀ፤ ክትባቱ በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል።

እንጥል መቁረጥና የወተት ጥርስ ማውጣት ግን ትውከትን አያቆሙም። ይልቁንም ደም ያፈሳሉ፥ ቁስሉም በምላጩ እድፍ ይመረዛል፥ የደከመውም ልጅ ከሕመሙ የሚብስ ጉዳት ያገኘዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በ561ኛውና በ562ኛው አንቀጽ በጎጂ ልማድ የሕፃናትን ሕይወትና አካል የሚጎዳውን ይቀጣል።

ነገር ግን በቤት የማይያዝ ሕመም አለ። ሕፃኑ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰው፥ መጠጣት ካቃተው፥ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው፤ ዓይኑ ከጎደጎደ፥ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፥ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰ፥ ከ6 ሰዓት በላይ ሽንት ካጣ፤ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ካለበት፥ ሆዱ ከተነፋ፥ አንገቱ ከደረቀ፥ ወይም ዕድሜው 2 ወር ያልሞላ ከሆነ፥ ማንኪያውን በመንገድ ሳያቋርጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ቆላማው ስፍራ የወባ አገር ስለ ሆነ፥ ትኩሳት ያለበት ትውከት ደሙ ሳይመረመር አይቆይ። ደግሞ በመራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሔክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ እንዲያጠጣ ተሠርቷል፤ የቦዩ ውኃ ግን ለእርሻ እንጂ ለመጠጥ አይደለም። በዚያ ባለ ቤት የተባይ መድኃኒት አይታጣምና ሕፃናት በማይደርሱበት ተቈልፎ ይቀመጥ። የሚያስመልሰው ልጅ ምራቁ ከተዝረከረከና የዓይኑ ብሌን ከጠበበ መርዝ ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ልጅ እንዲያስመልስ ሳያስገድዱት፥ የነካውን ልብስ አውልቀው ገላውን በሳሙና አጥበው፥ የመድኃኒቱን ዕቃ ይዘው ወደ ሐኪም ይሩጡ።

ክቡራን የቤት ጌቶች ሆይ፤ ማንኪያ ይዞ ማደር ለእናት ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። እኔም ያን ሌሊት ከባለቤቴ ጋር እየተፈራረቅሁ አጠጣሁ። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ልጁ ሸና፤ ሲነጋም እንጀራ ለመነ። አክስቴ ከአጠገባችን ሳይነሡ አድረው ነበር። በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ እንደ ነበራቸው ሁላችን እናውቃለን። ልጁ ሲበላ አይተው «የእኔም ልጅ ውኃ ጠምቶት ኖሯል» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

እንግዲህ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ሁለት ከረጢት ሕይወት አድን ቅመም፥ አንድ የሊትር ጠርሙስ፥ አንድ የሻይ ማንኪያ፥ ሳሙናና የእጅ ባትሪ በአንድነት ይቀመጡ። በእጃችን ሥር ላሉት አገልጋዮችና ዘበኞች ቤትም እንዲሁ ይሁን፤ ሕመም የጌታንና የሎሌን ልጅ አይለይምና።